ወንዱ ሸረሪት በር ሲያንኳኳ

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ። ከቀኑ 9 ሰዓት። በረሃ።

ትሪው ታጥቧል። ሩዝ ያረረበት ድስት ተዘፍዝፏል። ማዳም ኸይማው ውስጥ ጋደም ብላለች፤ ጉልበቷን እያመማት ነው። ኸይማ የምንለው ድንኳኑን ነው። ብርድ ሲገባ እዚህ ዐረብ አገር ሰው ቪላውን ቆልፎ፣ ከጀህራ ከተማ ወዲያ በረሃ ላይ ድንኳን ተክሎ ይዝናናል። እኛ ዕቃ አጣቢዎቹም አብረን እንዝናናለን። ይኸው ከውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር አንቺን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ደብተሬ፣ ዛሬ ወሬ አለኝ።

ሸረሪቷ ስም የላትም።

ያቺ ባለፈው ሳምንት ከምንጣፉ ላይ በሻይ ብርጭቆ አንስቼ ላወጣት ስል ዶክቶራ ያስቆመችኝ። ዶክቶራ ሐናን የማዳም ትልቋ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ሥራዋ ሸረሪት ነው። (ሰው እንዴት በሸረሪት እንጀራ ይበላል አትበይኝ። እኔም ጠይቄያለሁ።) ሳምንቱን ሙሉ መጽሐፍ ስታገላብጥ፣ ውጭ አገር ላሉ የሙያ ጓደኞቿ ፎቶ ስትልክ ከርማ ዛሬ ነገረችኝ። እስካሁን በዓለም ላይ ማንም ጽፎ አልመዘገባትም። አዲስ ዘር ናት።

ደስ አለኝ። ምን እንደሚያስደስተኝ ባላውቅም በጣም ደስ አለኝ። ያነሳኋት እኔ ነኛ።

አንድ ችግር አለ። በእጃችን ያሉት ሁለቱም፣ ያቺም በኋላ ያገኘኋትም፣ ሴቶች ናቸው። ወንድ ያስፈልጋል። ወንዱ ካልተገኘ እነዚያ የውጭዎቹ ይቺማ የድሮዋ ናት ብለው ይመልሱባታል፤ የሸረሪት ዘር ከዘር የሚለየው በወንዱ ነው አለችኝ። ወንዱ ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ ጠብቆ ነው የሚወጣው። ለጥቂት ቀን ሚስት ፍለጋ ይንከራተታል፣ ከዚያ ይሞታል። ማዳም በበኩሏ በጉልበቷ ምክንያት ከሁለት ሳምንት በኋላ ኸይማው ይነሳ ብላለች። ድንኳን ከሌለ እኛን ማን በረሃ ያመጣናል።

ዶክቶራ ሃያ ዓመት ሙሉ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን ሸረሪቶች ስታስተምር ኖራለች። የራሷ ብላ የጻፈችው አንድም የለም። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ ሳቁ ግን የሳቅ አልመሰለኝም።

ጋሼ ከበደ፣ ሾፌራችን፣ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ሸረሪት ይፈራሉ። የመኪናውን መስኮት በጣት ያህል ከፍተው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አሉን። በዚህ ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ። ከዚያ መስኮቱን ዘጉት።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ። ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ።

ዶክቶራ ጠየቀችኝ። ሁለተኛዋን እንዴት አገኘሻት? እሷ ሦስት ቀን በማጉያ መነጽር ተንበርክካ አንድም አላገኘችም።

እኔ እንኳ እስክጠየቅ አላሰብኩበትም። ሸረሪቷ ጉድጓድ ቆፍራ አፉን በክዳን ትዘጋለች። ክዳኑ አሸዋ በድር የተሰፋ ነው፤ ከመሬቱ አይለይም። ግን የዚህ አገር አሸዋ ድብልቅ ነው፣ ደቃቅም ጠጠርም አለው። ክዳኑ ላይ ያለው ሁሉ ደቃቅ ነው። ጠጠሩን ለቅማ ጥላዋለች። ስንት ዓመት ምስር ስለቅም የኖርኩ ሰው ተለቅሞ ያለቀ ነገር ሳይ አይጠፋኝም።

ዶክቶራ ብድግ ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ምስሩን ሳይቀር። ከዚያ እየሄድኩ አሳየኋት፤ ከምሳ በፊት አራት በር አገኘን። አልቆፈርናቸውም። አጠገባቸው የጥርስ እንጨት በቀይ ክር አስረን ተከልን። ማዳም ከሩቅ አይታ ምን ዘራችሁ አለች።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ። ባያን ሰፈር፣ ቤት።

ልብስ ታጥቧል። ምሳ ወጥቷል። ከ8 እስከ 10 ሰዓት ከዶክቶራ ጋር ነበርኩ። ማዳም ፈቅዳለች፤ ሐናን ከምትነጫነጭ ልጅቷን ውሰጃት ብላ።

ሥራው እንዲህ ነው። ዶክቶራ በማጉያው እያየች ትለካለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የአንደኛው እግር ጭን ይህን ያህል፣ ጉልበቱ ይህን ያህል፣ ቅልጥሙ ይህን ያህል። ስምንት እግር፣ እያንዳንዱ ሰባት ክፍል። አሥረኛ ክፍል የጨረስኩት ለካ ለዚህ ኖሯል። እኔንም አሳየችኝ። ስምንት ዐይን አላት። አራት ትንንሽ ከታች በአንድ መስመር፣ ሁለት ትልልቅ ከላያቸው፣ ሁለት ደግሞ ከኋላ። ጸጉሯ በዐይን ሲያዩት አፈር ነው፤ በማጉያው ወርቅ ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ግን ልንገርሽ። ሴቶቹ ሞተዋል። አልኮል ውስጥ ናቸው። ካልሞቱ አይለኩም፣ ካልተቀመጡም ማንም አያምንም። ይገባኛል። ዶክቶራ ጠርሙሱን ስታነሳ ግን እኔ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። አንድ አንሶላ ሩብ ሰዓት አሰጣሁ። እናቴ ሸረሪት አትገደልም ብላ ነው ያሳደገችኝ። የረሱልን ዋሻ አፍ በድሯ የጋረደች ናት፤ ቤት ከገባች በብርጭቆ ሸፍነሽ፣ ቢስሚላህ ብለሽ ታወጫታለሽ። ዶክቶራም ታውቀዋለች።

የአልኮሉ ጉድ ደግሞ ሌላ ነው። ዶክቶራ በዩኒቨርሲቲው ወረቀት አስፈቅዳ ያመጣችው ነው። ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ከማዳም የጽጌረዳ ውሃ አጠገብ አስቀመጠችው። ማዳም አሽታ አወቀች። የጮኸችው ጩኸት። ዶክቶራ የሥራ ነው ብትል፣ ለሸረሪት ነው ብትል፣ ማዳም በቤቴ ለሸረሪትም ቢሆን አይገባም አለች። በመጨረሻ ታረቁ፤ ጠርሙሱ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ከሳሙናዎቹ ኋላ ተሰደደ።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ።

ዘነበ። ዘነበ። ዘነበ።

ከንጋት ጀምሮ። አስፋልቱ ወንዝ ሆኗል፤ የጎረቤት ልጆች በፒጃማ ወጥተው ይዘላሉ፤ ማዳም መስኮት ከፍታ አልሐምዱሊላህ ትላለች። ዶክቶራ ከሥራ ቦታ ደውላ ሰላምታ ሳትሰጥ ዘነበ ወይ በረሃው ላይ አለችኝ። እኔ በምን ልወቅ። ጋሼ ከበደን ጠየቅኳቸው። ኸይማውን ሊያዩ ሄደው ነበር። ምንጣፉ ሁሉ በስብሷል አሉ፤ ነገ ጠቅልለው ያመጡታል። ማዳም በቃ አለች። የፊታችን ቅዳሜ ኸይማው ይፈርሳል።

ስለዚህ ያለን አንድ ዓርብ ነው።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 7 ሰዓት።

ምንጣፍ ቀን። አምስት ምንጣፍ፣ ሁሉም ጭቃ። ግቢው ውስጥ ዘርግቼ በውሃ ጎማ እያጠብኩ ነው። ወገቤ የለም።

ሦስተኛውን ስፈታው አንድ ሸረሪት ወጣ። ቀጫጫ፣ እግረ ረጅም፣ ቀልቃላ። የኛዎቹ ወፍራምና እርጋታ ያላቸው ናቸው፤ ይሄ የሌላ ሰው ነው አልኩ። ውሃው ሊወስደው ሲል በብርጭቆ ሸፈንኩት፣ ከሥሩ ካርቶን አስገባሁ፣ ከአጥሩ ሥር ካለው ዛፍ ዘንድ ወስጄ ቢስሚላህ ብዬ ለቀቅኩት። ሮጦ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ደስ ብሎኛል። አየሽ፣ ሰው በጎ ነገር ሲሠራ ሰውነቱ ይቀለዋል።

ያው ቀን። ማታ 1 ሰዓት።

ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው።

እራት ላይ ዶክቶራ ለማዳም ስታወራ ሰማሁ። ሰላጣ እያቀረብኩ። ወንዱ ሴቷን አይመስልም አለች። ሴቷ ከጉድጓዷ ስለማትወጣ ወፍራም ናት፤ ወንዱ ዙረታም ስለሆነ ቀጭን፣ እግሩ ረጅም ይሆናል። ከፊቱ ባሉት ሁለት አጫጭር እጆቹ ጫፍ ላይ ቡጢ የጨበጠ የሚመስል እብጠት አለው።

ቡጢው ነበረው። አይቼዋለሁ። ጭቃ ይዞ የሚሄድ መስሎኝ ነበር።

ወንድ ስትለኝ እኔ ከሴቷ ገዘፍ ያለ ነገር ነበር የምጠብቀው። በገዛ እጄ ለቀቅኩት። በቢስሚላህ። የሰላጣው ሳህን ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ማዳም አመመሽ ወይ አለችኝ። አዎ አልኩ። አሁን ክፍሌ ነኝ። ልንገራት? ዝም ልበል? ማንም አላየኝም። የሃያ ዓመቷን ነገር ባላውቅ ኖሮ ዝም እል ነበር። እንዴት ብዬ ዐይኗን ልየው።

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ።

ነገርኳት። ጠዋት፣ መኪና ልትገባ ስትል፣ እግሯ ሥር የወደቅኩ ያህል ሆኜ። መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ የጠየቀችኝን ብትሰሚ። በደንብ ይራመድ ነበር ወይ?

በደንብ ነው የሚሮጠው አልኳት።

ሳቀች። መኪናው በር ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በዓለም ላይ የመጀመሪያውን ወንድ አይታ ሸኝታ የላከች አንቺ ብቻ ነሽ አለች። ከዚያ ወደ ሥራ መሄዷን ትታ ቦርሳዋን ጣለች። ፍለጋ።

ግቢውን ቅጠል ሳይቀር ገለባበጥነው። ጋሼ ከበደ ወንበር ላይ ቆመው፣ እግራቸውን ሰብስበው፣ ከላይ ሆነው ባትሪ ያበሩልናል፤ በጠራራ ፀሐይ። የጎረቤት ዘበኛ በአጥሩ አንገቱን አስግጎ ምን ጠፋችሁ አለ። ጋሼ ኮስተር ብለው «ሙሽራ» አሉት። ሰውዬው አንገቱን መለሰ።

አላገኘነውም። ዶክቶራ ግን አልከፋትም። ምንጣፍ ውስጥ ከገባ ወንዶቹ ወጥተዋል ማለት ነው አለች። ዓርብ በንጋት እንሄዳለን። ጋሼ የዚህ ሳምንት ዓርብ ዕረፍታቸው ነው፤ ማህቡላ ሰፈር ያሉ የአገራቸው ልጆች ዘንድ ነበር የሚውሉት። እነሱ ዘንድ አልሄድም አሉ፤ ሙሽራውን ሳላይማ አልቀርም።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ። ከጠዋቱ 5 ሰዓት። በረሃ።

እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌን እለፊው።

ሲነጋጋ ደረስን። መሬቱ ርጥብ፣ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ማዳምም አልቀረችም፤ ኸይማውን ልሰናበት ብላ ነው። ቀይ ክር ያሰርንባቸውን አራት በሮች ተከፋፈልን። ፍለጋ አያስፈልግም ብዬ ነበር እኔ፤ ወንድ የሚሄደው ሴት ወዳለችበት ነው፣ በሯ ላይ እንጠብቀው። ዶክቶራ እውነትሽን ነው አለች።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ መጣ። ወደኔ በር። ቀጫጫው፣ እግረ ረጅሙ፣ ባለ ቡጢው። ትንፋሼን ያዝኩ፣ በእጄ ጠራኋቸው። ዶክቶራ በሆዷ ተኝታ መጣች። ጋሼ ከበደ ከመኪና ወረዱ። ደብተሬ፣ ወረዱ። የውሃ ማቀዝቀዣ ሣጥኑ ላይ ቆሙ እንጂ ወረዱ።

ወንዱ ክዳኑ ጋ ደረሰና ቆመ። በእነዚያ ቡጢዎቹ በሩን መታ። ታ ታ ታ። ዝም። ታ ታ። ዝም። ክዳኑ በክር ያህል ተነሳ። ተዘጋ። ጋሼ በሹክሹክታ፣ መጀመሪያ እምቢ ማለት ወግ ነው አሉ። እንደገና መታ። እንደገና ተዘጋ። «ሽማግሌ ሳይልክ ራሱ መጣ፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» አሉ። በሳቅ ልፈነዳ ነው፣ ግን ከሳቅኩ ይሸሻል። ከንፈሬን ነክሼ ነው የቻልኩት።

ብርጭቆው በእጄ ነው። ከሱ በላይ አንድ ስንዝር። ዶክቶራ፣ አሁን አለች።

አላወረድኩም።

እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም። ዶክቶራ፣ ይግባ አልኳት። የመጣበትን ሳይፈጽም አልይዘውም። ሊሞት ነው፣ ቢያንስ ይግባ። ዶክቶራ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። አንዳንዴ ሴቷ ወንዱን ትበላዋለች። ከገባ ላይወጣ ይችላል። ነገ ድንኳኑ ይፈርሳል። ሌላ ላናገኝ እንችላለን። ይህን ሁሉ ያለችኝ ሳትቆጣ ነው፤ ዐይኗ ግን ከክዳኑ አልተነሳም። አውቃለሁ አልኳት። ብርጭቆውን ልትወስደው ትችል ነበር። ቤቱ የነሱ፣ ሥራው የሷ፣ እኔ ማን ነኝ።

አልወሰደችውም። ከዚያ ያዘጋጀችውን ጠርሙስ አሸዋው ላይ አስቀመጠችና ቁጭ አለች። ይግባ አለች።

ክዳኑ ተከፈተ። ገባ። ተዘጋ።

ጠበቅን። ፀሐይ ከፍ አለች። ማዳም ከድንኳኑ ሻይ ብላ ተጣራች፤ ማንም አልመለሰላትም። በከዘራዋ መጣች፤ ነገሩን ስትሰማ ወንበር አምጡልኝ አለች። አራት ሰው በሸረሪት ደጅ። ዶክቶራ ጥፍሯን ትበላለች። እኔ በልቤ፣ ከበላችው ምን ብዬ እኖራለሁ እላለሁ። ጋሼ ከበደ እንኳ ተረት አለቀባቸው።

ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። ዶክቶራ ስልኳ ላይ ታይ ነበር።

ክዳኑ ብድግ አለ፤ ተስፈንጥሮ ወጣ። ሩጫው የሽሽት ነው። ሰባት እግር። አንዱን እዚያው ትቶታል። ጋሼ ከሣጥኑ ላይ ሆነው «እንኳን በሰላም ወጣህ ወንድሜ» ሲሉ ብርጭቆዬን አወረድኩ።

ያዝኩት። ዶክቶራ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ማዳም ምን ሆናችሁ፣ ሰው ሞተ እንዴ አለች። ሻዩ በርዷል። ማንም ግድ አልሰጠውም።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 8 ሰዓት። ኸይማው እየፈረሰ።

ምሰሶው ወርዷል። ጋሼ ከበደ ገመድ ይጠቀልላሉ፤ ሸረሪት በጥርስ እንጨት ነካሁ ብለው ለማህቡላዎቹ በስልክ እያወሩ ነው። አልነኩም። ልተዋቸው።

ትናንት የቀረውን ልንገርሽ። ብርጭቆው እስከ ከሰዓት ጉልበቴ ላይ ቆየ። ዶክቶራ አላስቸኮለችኝም። በሁለት በሦስት ቀን ራሱ ይሞታል፤ ግን ይደርቃል፣ ዘሩ የሚለይባቸው እጆቹ ይጨማደዳሉ፣ ከዚያ ምንም አይነበብበትም አለችኝ። ከከበደሽ እኔ ወስጄ እጨርሰዋለሁ፣ አንቺ አታይም አለች። ለኔ ማሰቧ ነው። ግን ሳስበው አላማረኝም። ጠብቄ፣ ለምኜ፣ በእጄ ይዤ፣ መጨረሻው ላይ ዞር ልበል? ያ ደግሞ ምን ዓይነት ምሕረት ነው። ስለዚህ እኔ አስገባዋለሁ አልኳት።

ጠርሙሱን ከፈተች። የጥፍር ያህል ወረቀትና እርሳስ አወጣች። ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል፣ እርሳስ ግን አይለቅም። ወረቀቱ ከሸረሪቱ ጋር እዚያው ውስጥ ይቀመጣል፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ ከዚያ ያገኘው ሰው ስም ይጻፍበታል። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ከፍቶ ቢያይ ያነበዋል አለች። በሴቶቹ ላይ የሷ ስም ነው ያለው። ቦታውንና ቀኑን ጻፈች። ስሙ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል፣ እንደፈለግሽ ነው አለች። ገብቷታል። ወንዱ የሞተው በማን እጅ እንደሆነ ወረቀቱ ይናገራል።

እናቴን አሰብኩ። ብትሰማ ምን ትል ይሆን አልኩ። ምን እንደምትል አላውቅም። ደውዬም አልጠየቅኳትም፤ ይሄ የኔ ነው።

እርሳሱን ተቀበልኳት። ስሜን በነሱ፣ በዐረብኛው ፊደል ጻፍኩ፤ ጠባብ ነው፣ እጄን አሳመመኝ። ወረቀቱን ገለበጥኩና በጀርባው በኛ ፊደል ደገምኩት። ሰዓዳ። ዶክቶራ ደንቡ እንዲህ አይደለም ብትል ኖሮ አልሰማትም ነበር። አላለችም።

ቢስሚላህ አልኩ። መጀመሪያ እሱን አስገባሁ። ከዚያ ስሜን። ክዳኑን ራሴ አጠበቅኩት።